ወደ ጋራ መኖሪያ የሚገቡ ጡረተኛ የሥራ ታሪክ አመዘጋገብ

ደሴም ሁን ኮምቦልቻ፣ ቡና ሲፈላ ጀምር፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለአንድ ዙር ጥያቄ ይበቃል። የምትቀዳበትን ስልክ ረከቦቱ ላይ አታስቀምጥ፤ የሲኒው ኳኳታ ድምፃቸውን ይውጠዋል።

«በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበል፣ ይምታታባቸዋል። «አባባ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?» በል፤ ወሎ ላይ ያንን ማን ይረሳል! ለየሥራው አንድ ገጽ ስጥ፦ ቦታው፣ ደመወዙ፣ የለቀቁበት ምክንያት። መምህር ከነበሩ ያንን ራሳቸው ይነግሩሃል፤ መሀል ላይ ያለውን የልብስ ስፌት ወይም የሹፍርና ጊዜ ግን ይዘሉታል። አብረዋቸው ለሚኖሩት ደግሞ የሚጠቅመው እሱ ነውና ደጋግመህ ጠይቅ።

በመጨረሻ ከቅጥር ደብዳቤው ጋር አመሳክር። ቀኑ በፈረንጅ ከተጻፈ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር ማብቂያ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ቀንስ፤ ማርች 1985 ማለት 1977 ነው።