ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት፦ የማንዋልና የአውቶማቲክ ችግርና መፍትሄ

ጋራዥ የሚደርስ መኪና ሁሉ «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሄዷል» ተብሎ ነው የሚመጣው። ማንዋል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሄደው ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው) ነው፤ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ። ሁለቱን ሳያጣሩ ካምቢዮ ማውረድ የባለቤቱን ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሻማና ኮይል ታይቷል፣ ሞተሩም በደንብ ይሠራል ብለን እንጀምራለን፤ አንድ ሲሊንደር የማይሠራበት ሞተር የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ ካምቢዮ ላይ የሚለጥፉ አሁንም አሉና።

ማንዋል፦ የሞተሩ ዙር ይወጣል፣ መኪናው አይከተልም

የእጅ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ሳቡ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ይይዛል። ምንም እንዳልተነካ መሥራቱን ከቀጠለ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ሙከራውን አትደጋግሙት፤ ራሱ ሸራ ያቃጥላል።

ካምቢዮው ሲወርድ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሸራው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ዘይት ነው። የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት ማገጃ ጎማ) ወይም የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ እያፈሰሰ አዲስ ሸራ ቢገጠም፣ አዲሱም የአሮጌውን መንገድ ይከተላል። ሸራ፣ ስፒንጂ ዲስክ (ሸራውን የሚጫነው) እና ኩሽኔታ (ፔዳል ሲረገጥ የሚገፋው ቤሪንግ) አብረው ይቀየሩ። «ኩሽኔታው ደህና ነው፣ ይመለስ» የሚል ባለቤት ለአንድ ኩሽኔታ ብሎ የማውረጃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቮላኖው (ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ መዘውር) ሰማያዊ የቃጠሎ ምልክት ካለው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከል፤ ከተሰነጠቀ ይቀየር።

ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ ትንሽ ባዶ እርምጃ ይኑረው፤ በአብዛኞቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ባዶ እርምጃ የሌለው ፔዳል ኩሽኔታውን ሁልጊዜ ስለሚጫን ሸራው በሙሉ ኃይሉ አይያዝም። እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሹፌርም፣ ዳገት ላይ ፍሬን መርገጥ ሲገባው አይሱዙውን በፍሪሲዮን የሚያቆም ሹፌርም ያው ጉዳት ያደርሳል።

ማንዋል፦ ማርሽ ይፈጫል ወይም አልገባም ይላል

ሞተሩን አጥፍታችሁ ማርሾቹን በየተራ አስገቡ። ጠፍቶ ሁሉም ገብተው ሲነሳ እንቢ ካሉ ፍሪሲዮኑ አይለቅም። አንድ ማርሽ ብቻ ከፈጨ የዚያ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይፈጭ እንዲገባ ፍጥነት የሚያስተካክለው ቀለበት) ነው፤ ያኔ ካምቢዮው ይከፈታል፣ መላ የለውም።

የማይለቅ ፍሪሲዮን ላይ ታችኛውን ፖምፓ (በፔዳሉ ዘይት ተገፍቶ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን) ፈልጉና የአቧራ ጎማውን ገለጥ አድርጉ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ጎሚኒው (የውስጥ ማሸጊያ ጎማው) አልፏል። ጎሚኒው ከተቀየረ በኋላ ንፋሱ ይውጣ፦ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ ሌላው ማስተንፈሻውን ከፍቶ ይዝጋ፣ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቅ። ማጠራቀሚያው መሃል ላይ ከጎደለ እንደገና ከሀ ይጀመራል። የሚሞላው የፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው ካለ ማጠብ አያድነውም፤ ጎማው ስለሚያብጥ የላይኛውም የታችኛውም ጎሚኒ፣ ቱቦውም ጭምር ይቀየራል።

የካምቢዮ ዘይት ላይ አንድ ቃል፦ የዲፈረንሻል ዘይት የካምቢዮ ዘይት አይደለም። ጂኤል 4 (የዘይት ደረጃ ነው) የሚል ካምቢዮ ውስጥ ጂኤል 5 ብቻ የሆነ ዘይት ሲገባ፣ ለዲፈረንሻል ጥርስ የተጨመረበት ኬሚካል የሲንክሮውን የነሐስ ቀለበት ይበላዋል። ከአንድ በርሜል ለሁለቱም የሚቀዳበት ጋራዥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚመጣ ጩኸት የኩሽኔታው ነው፤ ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ግን የካምቢዮው የፊት ዘንግ ኩሽኔታ ነው።

ከባድ መኪና

10 ማርሽ ያለው ሲኖትራክ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ አልወጣ ካለ ቅድሚያ ንፋስ ይታይ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ክፍል የሚለዋውጠው በንፋስ የሚገፋ ፒስተን ነው። ከማርሽ ማስገቢያው ራስ ላይ ያለውን ቁልፍ እየለወጣችሁ አድምጡ፤ የማያቋርጥ ፉጨት ካለ ቀጭኗ ቱቦ ተበስታለች ወይም የቫልቩ ጎሚኒ አልቋል። የንፋስ ታንኮቹን ውኃ በየቀኑ አፍስሱ፣ ውኃው ፒስተኑን ያዝገዋል። ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ በፍጥነት ላይ እያሉ መለወጥ ግን የኋለኛውን ሲንክሮ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በዜሮ ማርሽ መልቀቅን በተመለከተ፣ ነዳጅ ቆጠብኩ የሚለው ሰው ፍሬኑ ሲግል የሚይዘው ምንም ነገር የለውም።

ማርሽ በኮምፒውተር የሚቀያየርባቸው የቮልቮ አይ-ሺፍትና አዳዲሶቹ የስካኒያ ኦፕቲክሩዝ ካምቢዮዎች ፍሪሲዮን ፔዳል ባይኖራቸውም ውስጣቸው ማንዋል ነው፤ ሸራ አላቸው። ዳገት ላይ በነዳጅ ይዞ ማቆም ያቃጥላቸዋል። ሸራው ተቀይሮ በኮምፒውተር ካሊብሬት ያልተደረገ መኪና ማርሽ አላገኝም ብሎ ይቆማል፣ ባለቤቱም ያለ ጥፋቱ ኮምፒውተሩን ያስቀይራል።

አውቶማቲክ፦ «ዲ» ሲገባ ይዘገያል፣ ከዚያ ይመታል

በየሳምንቱ የሚመጣው ይሄኛው ነው። ሞተሩ ይሙቅ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ እግር ፍሬን ላይ ይሁን፣ ኤሲ ይጥፋ። ከ«ኤን» ወደ «ዲ» አስገቡና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በቶዮታ ከ1.2 ሰከንድ በታች መሆን አለበት፤ ከ«ኤን» ወደ «አር» ደግሞ ከ1.5 በታች። በሁለት ሙከራዎች መሃል አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ሁለቱም ከዘገዩ የጋራ ምክንያት ነው፦ የጎደለ ዘይት፣ የተደፈነ ማጣሪያ፣ የደከመ ፓምፕ። አንዱ ብቻ ከዘገየ የዚያ አቅጣጫ ክላች ነው።

ቀጥሎ የዘይቱ ልክ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ያሳዝናል። መለኪያ ዘንግ ያለው ቶዮታ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሞቆ፣ ማርሹ ከ«ፒ» እስከ «ኤል» በየቦታው ትንሽ እየቆመ ሄዶ ወደ «ፒ» ከተመለሰ በኋላ ነው። ሆንዳ ግን የሚለካው ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ ነው። ቶዮታን በሆንዳ ሥርዓት የለካ ሰው «ሞልቷል» ይልና ጎዶሎ ዘይት ይዞ ይሄዳል። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ ከታች ባለው የመፍሰሻ ታፖ (ክዳን)፣ በተወሰነ ሙቀት ይለካሉ፤ ሙቀቱ በኮምፒውተር ይነበባል እንጂ በእጅ ተነክቶ አይገመትም። ከልክ በላይ መሙላትም ይጎዳል፤ ዘይቱ አረፋ ስለሚሠራ ምልክቱ ከጎዶሎ ጋር አንድ ነው።

አሁን ዘይቱን ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉ። ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ቢሸት ክላቾቹ ነደዋል። የእንጆሪ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ይሄ የራዲያተሩ ታሪክ ነው። ብዙ አውቶማቲኮች ዘይታቸውን የሚያቀዘቅዙት ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ነው። ኩላንት ትቶ የቧንቧ ውኃ ለዓመታት የሚሞላ ሰው ያን ቱቦ ያስበላል፣ ከዚያ ውኃው ወደ ካምቢዮ ይሻገራል። ራዲያተሩ ተቀይሮ ዘይቱ ቢታጠብም የክላቾቹ ሸራ ማጣበቂያ ውኃ ጠጥቶ ይላቀቃል። ቀለሙ እንደተለወጠ ሞተሩን አጥፍቶ ማቆም ካምቢዮ ሊያድን ይችላል፤ «እስከ ቤት ላድርሰው» ያለ ግን ካምቢዮ ይገዛል።

የተሳሳተ ዘይት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ቪትዙ ደህና ይሄድ ነበር፣ «ዘይት ይቀየርለት» ተባለ፣ ቀይ ዘይት ተሞላ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማፏጨትና መንገጫገጭ ጀመረ። ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ትውልድ አውቶማቲክ በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ ነው፤ ኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው። ከውጭ ሁለቱም ያው «ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ» ነው። ሲቪቲ ማርሽ የለውም፤ ሁለት ፑሊና አንድ የብረት ቀበቶ ናቸው። ቀበቶው ፑሊው ላይ የሚነክሰው በልዩ ዘይት ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ሲገባ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይቧጭራል፣ የብረት ብናኙ ቫልቭ ቦዲውን (የዘይቱን መንገድ የሚቆጣጠረውን) ይደፍነዋል። በጊዜ ከተደረሰበት በትክክለኛው ዘይት ደጋግሞ በመቀየር ይተርፋል፤ ፑሊው ከተቧጨረ ግን የሚያድነው የለም።

ቶዮታ ላይ በጥቅሉ፦ አሮጌዎቹ ባለ ማርሽ ቲ-4፣ አዳዲሶቹ ደብሊው ኤስ፣ የቀድሞዎቹ ሲቪቲዎች ቲሲ፣ የኋለኞቹ ኤፍኢ ይላሉ። አራቱ አይቀያየሩም። ቀለም ምንም አይነግራችሁም። መለኪያ ዘንጉ ላይ ወይም መሙያው ታፖ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚል ጣሳ ለሁሉም አይሆንም። የባለሱቁ መሐላም የዘይቱን ዓይነት አይቀይረውም።

ለውጡ እንዲህ ይሠራል። ከታፖው የሚወርደው ሁሉም ዘይት አይደለም። 7 ሊትር ገደማ በሚይዝ የኮሮላ ካምቢዮ 3 ሊትር ያህል ይወርዳል፣ የቀረው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ለውጥ ከግማሽ በታች ያድሳል፤ ትንሽ እየተነዳ ሦስት ጊዜ ሲደገም ከአምስት እጅ አራቱ ይታደሳል። የፈሰሰውን ለኩና ያንኑ ያህል መልሱ። ኮፓው (የታችኛው የዘይት ማጠራቀሚያ) ከወረደ ማግኔቶቹን እዩ፦ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የወትሮው ነው፣ ጥፍር የሚይዘው ስብርባሪ ግን የመፍታት ምልክት ነው። ጓርኒሲዮኑ (የኮፓው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን። ሲልከን የሚቀባ ሰው አስቁሙ! ተርፎ ወደ ውስጥ የሚጨመቀው ሲልከን ተላቆ ማጣሪያውን ይደፍናል። የኮፓው ብሎኖች ትናንሽ ናቸው፤ በረጅም ቁልፍ የሚታሰሩ አይደሉም። በማሽን ግፊት የሚደረግ እጥበትም አሮጌ ካምቢዮ ላይ ይቅር፤ የተቀመጠ ቆሻሻ ነቅሎ ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ይከታል።

የዘይቱ ልኩም ዓይነቱም ትክክል ሆኖ ችግሩ ካልተለወጠ በኮምፒውተር የብልሽት ኮዱ ይነበብ። ፒ0741 የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ነው። ከፒ0750 አካባቢ ያሉት ሶሌኖይዶች (ዘይቱን የሚከፍቱና የሚዘጉ የኤሌክትሪክ ቫልቮች) ናቸው፤ ሶሌኖይድ በአብዛኛው ካምቢዮው ሳይወርድ በኮፓው በኩል ይቀየራል፣ የሽቦው ሶኬት ግን ቅድሚያ ይፈተሽ።

አጫጭር

ከ«ፒ» አልወጣም ካለ ብዙውን ጊዜ የፍሬን መብራቱ ስዊች ወይም ፊዩዝ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ከ«ፒ» ሲወጣ «ጓ» የሚል ከሆነ የመኪናው ክብደት በመቆለፊያ ጥርሷ ላይ አርፏል፤ በፍሬን አቁሙ፣ «ኤን» አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ፍሬኑን ልቀቁና ከዚያ «ፒ» አስገቡ። አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም። በገመድም አይጎተት፤ ሞተሩ ካልሠራ ፓምፑ አይዞርም፣ ካምቢዮው በደረቁ ይፋጫል። የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ይነሱ።

ያገለገለ ካምቢዮ ከተገዛ

ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) ላይ ከመክፈላችሁ በፊት የካምቢዮውን ኮድ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ የቀረውን ዘይትም አሽትቱ። ሲገጠም ቶርክ ኮንቨርተሩ እየተዞረ ወደ ውስጥ ይገፋ፤ «ቀጭ» እያለ ደረጃ በደረጃ ጠልቆ የፓምፑ ጥርስ ላይ ካልተቀመጠ ሞተሩና ካምቢዮው በብሎን ሲሳቡ ፓምፑን ይሰብረዋል። ሁለቱ ያለ ብሎን በእጅ መግጠም አለባቸው፤ ክፍተት ከቀረ ብሎን አትሰሩ፣ አውርዳችሁ እንደገና አስቀምጡት። ከገጠመም በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃነት መዞር አለበት፤ የቮላኖው ብሎኖች የሚታሰሩት ይህ ከታየ በኋላ ነው። ሲነሳ መጀመሪያ 4 ሊትር ያህል ሞልታችሁ አስነሱት፣ ማርሾቹን አዙሩ፣ የቀረውን ሞተሩ እየሠራ በመለኪያው እያያችሁ ጨምሩ።