ፊልሙን አትዝለሉት! የድሮ የማፊያ ጌም ስትጫወቱ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጎንደር፣ አራዳ በኩል ወዳለች አንዲት ጌም ቤት ጎራ ብዬ ነበር። አንድ ልጅ የ2002ቱን «ማፊያ» ከፍቶ ይጫወታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ቁጠሩልኝ)። ዛሬም ይህን ጌም የሚነካ ልጅ መኖሩ ደስ አለኝና ከኋላው ቆምኩ። ሰዎቹ ማውራት ጀመሩ፤ ልጁ ቁልፉን ጫን አድርጎ ዘለላቸው። ቀጣዩንም ዘለለ። ሦስተኛው ላይ ዞር አለና «ጋሼ፣ አሁን የምገድለው ማንን ነው?» አለኝ።

ፒያሳ አጠገብ ፕሌስቴሽን ቤት ስሠራ ይህን ጥያቄ በየቀኑ እሰማው ነበር። ከዚያ በኋላም መስማቴን አላቆምኩም። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ፊልሙን፣ ማለትም በጌሙ መሃል ሰዎቹ እያወሩ ታሪኩን የሚያሳዩበትን ክፍል፣ መዝለል የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ጌም ቤት የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ አንድ ልጅ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ብር ቆጥሮ ሲገባ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ብሩን ያስበላው ይመስለዋል። አልፈርድበትም። ግን የኔ ጌታ፣ እዚህ ጌም ውስጥ ንግግሩ እኮ ነው ጌሙ! ቶሚ አንጀሎ የታክሲ ሾፌር ነበር። በ1938 ኖርማን ከሚባል መርማሪ ፊት ተቀምጦ፣ ከ1930 ጀምሮ እንዴት የማፊያው አለቃ የዶን ሳሊየሪ ሰው እንደሆነ ይተርክለታል። አንተ የምትጫወተው የሱን ትረካ ነው። ትረካውን ከዘለልከው የሚቀርህ መኪና መንዳትና መተኮስ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከሱ የተሻለ አዲስ ጌም ሞልቷል። «ኦሜርታ» የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ፍራንክ ማን እንደሆነ፣ ከዶኑ ጋር ስንት ዘመን እንደኖረ ካላወቅህ፣ አየር ማረፊያው ውስጥ ዝም ብለህ ትተኩሳለህ። እኔ ግን እዚያ ቦታ ላይ ጆይስቲኩን ይዘው ለረጅም ጊዜ ሳይነኩት የቀሩ ልጆች አይቻለሁ።

«እንግሊዝኛው ይከብደኛል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ሰብታይትሉን አብሩት፣ የከበዳችሁን ቃል ጻፉት፣ ከጓደኛ ጋር ተጫወቱ። እኔ ራሴ ግማሹን እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከቶሚ ጓደኞች፣ ከፖሊ እና ከሳም ነው። ሰዓቱ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ደግሞ ጌም ቤት ኳስ ተጫወቱ፤ ታሪክ ያለውን ጌም ቤታችሁ ተረጋግታችሁ የምትቀመጡበት ቀን አቆዩት። እነዚህ ጌሞች የድሮ ስለሆኑ ደከም ባለ ላፕቶፕም ይሠራሉ።

ሁለተኛው መኪናው ላይ የሚደረገው ነገር ነው። መኪና እየነጠቁ እንደልብ ከሚነዱበት ጌም፣ ከጂቲኤ የመጣ ልጅ ሁሉ መሪ ሲይዝ ከአዘዞ መንገደኛ ሊሻማ እንደሚሮጥ ባጃጅ ይሆናል። «ማፊያ» ውስጥ ከተማ ላይ ከ40 ማይል፣ ማለትም ከ64 ኪሎ ሜትር በላይ ከነዳህና ፖሊስ ካየህ ይቀጣሃል። ቀይ መብራት ከጣስክም እንዲሁ። ነዳጅም ያልቃል። ሰው ይህን ሲያይ «የሞተ ጌም» ይላል። አይደለም! መኪኖቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ናቸው፤ ዳገት ላይ ያቃስታሉ፣ ፍሬናቸው ቶሎ አይዝም። ጣሊያን የኛን ፒያሳ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የሠራው በዚያው በ1930ዎቹ ነው። እኔ የጌሙ ከተማ ሎስት ሄቨን ውስጥ ቀስ ብዬ ስነዳ፣ ያንን ፖስታ ቤት በልጅነቴ አይቼው በማላውቀው መንገድ ማየት ጀመርኩ። ፍጥነት መገደቢያ ቁልፍ አለው፤ እሱን ተጠቀሙና ዙሪያችሁን እዩ።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ውድድሩ ነው። ቶሚ ከታክሲ ወጥቶ የውድድር መኪና የሚነዳበት ሚሽን (ተልዕኮ) ስንቱን አስለቅሷል። እኔን አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ስህተቱ አንድ ነው፤ ሁሉም ሰው ገና ሲጀመር ቀዳሚ መሆን ይፈልጋል። አትሽቀዳደሙ። መጀመሪያ ኩርባ ላይ ሌሎቹ ተጠጋግተው ሲጋጩ ከኋላ ሆናችሁ እለፏቸው። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት፣ መሪው ገና ቀጥ እንዳለ ነው። ሣር ከነካችሁ አለቀ። በኋላ የወጣው ማስተካከያ ውድድሩን እንድታቀሉት ይፈቅዳል፤ ከሦስት ቀን በላይ ከታገላችሁ አቅልላችሁ እለፉ፣ ታሪኩ ከዚያ ወዲያ ነው የሚጣፍጠው።

«ማፊያ» ላይ ጥይት ሳያልቅ አትሙሉ። ሰባት የሚይዘውን ኮልት ሽጉጥ ሁለት ተኩሳችሁ ከሞላችሁት የቀሩት አምስቱ ይጠፋሉ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ኮድ፣ ጌሙን ወደምናጭበረብርበት ምስጢራዊ የቁልፍ ድርድር። ከጂቲኤዎቹ አንዱ፣ ሳን አንድሬያስ ከሆነ ኮዱን በወረቀት ጽፎ ኪሱ ያልያዘ የጎንደር ልጅ አልነበረም። መሣሪያና ብር የሚያመጣው ብዙም አይጎዳም፣ ጣዕሙን ግን ይወስዳል። አደገኛው የከተማውን ሰው እርስ በርሱ የሚያባላው ኮድ ነው። እሱን አስገብታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ ከዚያ ሴቭ ላይ አይወጣም። ይህን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ወራት የለፋሁበት ሴቭ ነበር። ከዚያ ማድ ዶግ የሚባለው ራፐር ጣራ ላይ የሚወጣበት ሚሽን ደረሰ። ከታች ሆናችሁ በመኪና መቀበል አለባችሁ። የኔው ግን መኪናውን ሳልጠጋ ዘለለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ዘለለ። ሃያ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ጥፋቱ የኮዱ መሆኑን የሚያስረዳኝ ሰው እስካገኝ ድረስ ዲስኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ሴቩን ትቼ ከዜሮ ጀመርኩ። ኮድ መሞከር ካማራችሁ ሞክሩት፣ ግን ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት።

ሴቭን ካነሳን መብራቱን እናንሳ። የድሮዎቹ ጂቲኤዎች ሴቭ የሚደረጉት የተወሰነ ቤት ተገብቶ ነው። አንድ ደንበኛዬ፣ ጨዋ ልጅ፣ አራት ሚሽን በተከታታይ ጨርሶ «አንዴ ይቺን ልጨምር» እያለ ሳለ መብራት ሄደ። ማታ ነበር። ጨለማው ውስጥ ማንም አልተናገረም። እሱ ብቻ «ሴቭ አላደረግኩም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ብሩን መለስኩለት፣ ሌላ ምን ላድርግለት? ሚሽን በጨረሳችሁ ቁጥር ሂዱና ሴቭ አድርጉ። ደግሞ ሁልጊዜ አንዱ ላይ አትደርቡ፣ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። «ማፊያ» ላይ ራሱ በወሰነው ቦታ ስለሚያስቀምጥ፣ መብራቱ ሲያብለጨልጭ ካያችሁ ረጅም ሚሽን አትጀምሩ።

ሌላው ጂቲኤ፣ ቫይስ ሲቲ ላይ ያቺ ትንሽዬ ሄሊኮፕተር አለች፣ ሕንፃው ውስጥ አራት ቦምብ የምታስቀምጠው። ሰዓቱ የሚጀምረው የመጀመሪያውን ቦምብ ስታነሱ ነው! መጀመሪያ ሳትነኩት መብረሩን ተለማመዱ፣ የሚያስቸግሯችሁን ሠራተኞች አስወግዱ፣ ከዚያ አንሱ። ላፕቶፓችሁ በስተቀኝ የቁጥር ቁልፎች ከሌሉት ደግሞ መቆጣጠሪያውን ወደ ሌላ ቁልፍ ቀይሩ።

ሳን አንድሬያስ ውስጥ ባቡር የምታሳድዱበት ሚሽን ላይ ደግሞ ባቡሩ ላይ አትለጠፉ። ሞተር ሳይክሉን ራቅ አድርጋችሁ ከጎኑ እኩል ንዱ፤ ከኋላችሁ ሆኖ የሚተኩሰው ቢግ ስሞክ ማነጣጠር የሚችለው እንደዚያ ነው።

በፍላሽ የምትቀባበሉት ቅጂ በጣም ትንሽ ከሆነ ተጠራጠሩ። ቦታ ለመቆጠብ ሙዚቃውንና ፊልሙን ያወጡበት ሊሆን ይችላል። የ«ማፊያ»ን ሙዚቃ ማውጣት ደግሞ ለኔ በዓልን ያለ ዶሮ ወጥ እንደማክበር ነው።

የመጨረሻው ቅደም ተከተሉ ነው። የ2010ሩ «ማፊያ 2» መልኩ ስለሚያምር ብዙዎች ከሱ ይጀምራሉ። በረዶ የለበሰችው ኤምፓየር ቤይ፣ ከጦርነት የተመለሰው ቪቶ፣ ጓደኛው ጆ፣ ሁሉም ድንቅ ነው። ግን መጀመሪያ አንደኛውን ጨርሱ። አሮጌው ከከበዳችሁ በ2020 እንደ አዲስ የተሠራው አለላችሁ። ሁለተኛው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በጣም አጭር የሆነች አንዲት ሥራ አለች፤ መኪናው አንድ ሰላማዊ ሰፈር ሄዶ አንድ ቤት ፊት ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግራችሁም። አንደኛውን ያልተጫወተ ሰው ያቺን ሥራ በአንድ ደቂቃ ጨርሶ «ቀጣዩስ?» ይላል። አንደኛውን እስከ ጥግ የተጫወተ አንድ ደንበኛ ግን ቤቱን ገና ሲያየው ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ አንተ ጨርስልኝ፣ እኔ አልችልም» አለኝ።