የወፍ ጎጆ የመትረፍ ዕድል ከጎደለ መረጃ እንዴት ይሰላል?

20 ጎጆዎች ተከታትለው ከ12ቱ ጫጩቶች ቢበሩ፣ «60 በመቶ ተሳካ» ለማለት ያምርዎታል። አይቸኩሉ። እንቁላል በተጣለ ማግስት እባብ የበላውን ጎጆ እርስዎ ከነጭራሹ አላዩትም፤ የሚያገኙት በአብዛኛው ቀድሞውኑ የሰነበተውን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ያብጣል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ሜይፊልድ በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳየው መውጫ ቀላል ነው፦ ጎጆን ሳይሆን ጎጆው በክትትል ሥር ያሳለፈውን ቀን መቁጠር።

መጀመሪያ በየጉብኝቱ ቀኑንና ያዩትን ይጻፉ። «ባዶ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መብረሪያቸው የደረሰ ጫጩቶች ወጥተው ይሆናል፣ ተበልተውም ይሆናል።

ቀጥሎ ቀኖቹን ይቁጠሩ። በ3ኛው ቀን እንቁላል ያለበት ጎጆ አገኙ እንበል። በ7ኛው ቀን እንቁላሎቹ አሉ፤ በ11ኛው ተሰባብረዋል። የከሸፈበትን ቀን ስለማያውቁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጉብኝቶች አጋማሽ ይወስዳሉ፦ 4 ቀን ሲደመር 2፣ በድምሩ 6። መጨረሻው ያልታወቀ ጎጆ ካለ፣ በሕይወት እስከታየበት የመጨረሻ ቀን ብቻ ይቁጠሩለት። እዚህ ላይ ነው ጎደሎው መረጃ ዋጋ የሚያገኘው፤ ዘግይቶ የተገኘ ጎጆም የራሱን ቀኖች ያዋጣል።

አሁን ያካፍሉ። የ20ዎቹ ጎጆዎች ድምር 200 ቀን፣ የከሸፉት 8 ከሆኑ፣ የዕለት ክሽፈቱ 8 ለ200 ወይም 0.04 ነው። የዕለት መትረፉ 0.96 ይሆናል። ከመጣል እስከ መብረር 25 ቀን የሚፈጅ ከሆነ 0.96ን በ25 ርቢ (25 ጊዜ 0.96ን እርስ በርሱ በማባዛት) ያስሉ፦ 0.36። 60 የተባለው ወደ 36 በመቶ ወረደ ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ ስህተት ነው። ተመራማሪው ዳግላስ ጆንሰን በ1979 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ስሌት መሠረት 0.96ን በ0.04 አባዝተው፣ ለ200 አካፍለው፣ ካሬ ሥሩን ሲያወጡ 0.014 ገደማ ያገኛሉ። ይህ የዕለቱ ግምት መደበኛ ስህተት ነው፤ ግምቱ ከእውነተኛው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ይለካል። የ95 በመቶ ወሰኑ (እውነተኛው ዕድል ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ወደ 25 ቀን ሲለወጥ ከ18 እስከ 72 በመቶ ይዘረጋል። 20 ጎጆ ጥቂት መሆኑን የሚያውቁት ያኔ ነው።

ስሌቱ የአደጋው መጠን በየቀኑ እኩል ነው ብሎ ይነሳል፤ ወላጆች ለጫጩቶች ምግብ ሲመላለሱ ግን ጠላት ሊስቡ ይችላሉ። የእንቁላሉንና የጫጩቱን ጊዜ ለየብቻ አስልተው ውጤቶቹን ያባዙ። የጎጆው ዕድሜ ወይም የሣሩ ቁመት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ቴሪ ሻፈር ያቀረበው የሎጂስቲክ ሞዴል (የመትረፍ ዕድልን ከእንዲህ ያሉ ነገሮች ጋር የሚያያይዝ ስሌት) አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይሠራል። የጉብኝቱ ክፍተት የተለያየ ቢሆንም አይቸገርም፤ ጎጆው የከሸፈበትን ቀን መገመትም አያስፈልገውም።