የቡሊን ቫልቮላ በቀዝቃዛ ጠዋት ማስተካከል

ቫልቮላ፣ ማለትም የሲሊንደሩን አየር ማስገቢያና ጭስ ማውጫ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል፣ ትክ ትክ ሲል ሰው ይደነግጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው። በቫልቮላውና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ከጠፋ ቫልቮላው ገጥሞ አይዘጋም። ሙቀቱን የሚለቅበት ስለማያገኝ ይቃጠላል።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ይጠግን ነበር። እኔ የምኖረው ሃኖቨር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ቡሊ የተሠራችባት ከተማ። ጀርመኖች ያችን የፎልክስዋገን ቫን ቡሊ ነው የሚሏት። የ1966 ሞዴሏን ገዝቼ የኋላ ክዳኗን ስከፍት፣ ልጅ ሆኜ የማውቀውን ዓይነት ሞተር አገኘሁ፦ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አራት ሲሊንደር።

ሞተሩ ሳይነሳ ይደር። ለብ ካለ ተዉት፤ ልኬቱ ያታልላችኋል። ጠዋት ማርሹን ዜሮ አድርጉና የእጅ ፍሬን ያዙ። ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፣ ዘይት ይንጠባጠባል። የቫልቮላ ክዳኑን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፋ ስታደርጉት ይለቃል።

ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ። ውስጡ የሚዞረው ሮተር የዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ጭረት እስኪያመለክት፣ ቺንጋው የሚዞርበትን የሞተሩን ፑሌጃ አዙሩ። አሁን ሲሊንደር ቁጥር 1 ላይ ናችሁ። ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ በቀኝ፣ ወደ መኪናዋ ፊት ያለው ነው። ከጎኑ፣ ወደ እናንተ የቀረበው 2 ነው። በግራ ደግሞ የፊተኛው 3፣ የኋለኛው 4።

ክፍተቱን ለመለካት 0.15 ሚሊሜትር ፊለር፣ ማለትም ስስ የመለኪያ ብረት፣ እጠቀማለሁ። ልኬቱ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የእናንተን አረጋግጡ። ፊለሩን ስትስቡት ያዝ ሊያደርግ ይገባል፤ ግን መታገል የለበትም። ዳዶውን ስታጠብቁ ክፍተቱን የምታስተካክለው ብሎን አብራ ትዞራለች፤ ስለዚህ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ፑሌጃውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር መልሱና 2ን ሥሩ። ሌላ ግማሽ ዙር 3፣ ሌላ ግማሽ 4። ስምንቱ ቫልቮላ አለቀ። ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን በአዲስ ቀይሩና ክዳኑን መልሱ።

በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ድገሙት። ለእያንዳንዱ ያገኛችሁትን ክፍተት ከማስተካከላችሁ በፊት ጻፉት። በተለይ ቁጥር 3ን። የዘይት ማቀዝቀዣው ከላዩ ስለሆነ የሚደርሰው አየር የሞቀ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቮላው ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ ቫልቮላው ራሱ እየተሳበ፣ እየረዘመ ነው ማለት ነው። ያኔ ክፍተቱን እያሰፋችሁ አትንዱ፤ ቫልቮላዎቹ ያሉበት የሲሊንደሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይውረድ።