የርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ በትንሽ ወጪ ማሻሻል
ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማግኔት ያለበት ክፍል) ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ነቷን እዩ፤ ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉባትን ትንሽ ቁራጭ ማለቴ ነው። በርካሽ ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ናት። በአጥንት ስትቀየር ክፍት ክር፣ ማለትም በጣት ያልተያዘ፣ ጠርቶ ይሰማል። ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱን) ስትይዙ ግን ተአምር አትጠብቁ፤ ያኔ ክሩ የሚያርፈው ፍሬቱ ላይ ነው።

ቮልዩም ስትቀንሱ ድምፁ ይታፈናል? 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ናት) በቮልዩም ማዞሪያው መግቢያና መውጫ እግሮች መካከል ይበየድ። ቀጭኑ ድምፅ አብሮ አይጠፋም። ለእኔ ከሁሉም የሚያዋጣው ይሄ ነው። ዋጋው ኢምንት፣ ሥራው የማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ።

የፒካፑን ከፍታ በካቻቢቴ ማስተካከል ደግሞ ነፃ ነው። ብቻ ክሩ ሥር አታስጠጉት፤ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ቅኝቱን ያዛባዋል።