ተጣጣፊ የሞዴል ባቡር ሀዲድ እንዴት ይዘረጋል?

ባሕር ዳር የባቡር መስመር የላትም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም ሊዘረጋላት ይችላል።

ተጣጣፊ ሀዲድ አንዱ ዘንግ 91 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ እንደፈለጋችሁ ይታጠፋል። ተቆራርጦ ከሚመጣው ሀዲድ ይልቅ መገጣጠሚያው ጥቂት ነው። ባቡር ከሀዲዱ የሚወጣውም ኤሌክትሪክ የሚቋረጠውም መገጣጠሚያ ላይ ስለሆነ፣ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ መጠኑን ወስኑ። ኤችኦ በሚባለው (1 ለ 87) የሀዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ይህ የአዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1435 ሚሊሜትር ይወክላል። የድሮውን የለገሃር ባቡር መሥራት ያማረው ሰው ግን 12 ሚሊሜትሩን ይፈልግ፤ ያ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር።

መደቡን አናጺ በኮምፔንሳቶ ይሥራላችሁ። ከላይም ከታችም ቀለም ቀቡት። የጣና ዳር ክረምት እርጥብ ነው፤ ያልተቀባ እንጨት ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ይኮማተራል። ሀዲዱም አብሮ ይጣመማል።

ከዚያ መስመሩን በእርሳስ ሣሉ። ለኩርባው ምስማር ምቱ፣ ክር እሰሩበት፣ እርሳሱን ጫፉ ላይ አድርጋችሁ አዙሩ። ክሩ 60 ሴንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከ45 ካነሰ ረጃጅም ፉርጎዎች ይቸገራሉ። በመስመሩ ላይ ቀጭን ቡሽ ለጥፉ፤ ድምፅ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኩርባ ላይ የሚውል መገጣጠሚያ መበየድ ያለበት ሀዲዱ ከመታጠፉ በፊት፣ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ካጠፋችሁ በኋላ ብታያይዙት ሁለቱ ጫፎች ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ እዚያ ቦታ ላይ ማዕዘን ይፈጠራል። ስለዚህ ከየጫፉ አንድ ሁለት የፕላስቲክ ስሊፐር (ብረቶቹን ከሥር የሚይዘውን አግዳሚ) አውጡና አስቀምጡ። የብረት ማያያዣዎቹን አስገቡ፣ ጫፎቹን አገናኙ፣ ከዚያ በየዱ። ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት መበየጃና ሊድ ይበቃል። አሲድ ያለበትን የመበየጃ ቅባት (ፍለክስ) ግን አትንኩ፤ ብረቱን ይበላል። ቶሎ ነክታችሁ ቶሎ አንሱ፣ አለዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ስታጥፉት የውስጠኛው ብረት ከጫፉ ይወጣል፤ የውስጡ መንገድ አጭር ስለሆነ ነው። የወጣውን በቀጭን ሰጌቶ ቁረጡ። ሲቆረጥ ስለሚፈናጠር መነጽር አድርጉ። ጫፉን ከላይ፣ ከጎንና ከታች ሞርዱት። የታችኛው ከተረሳ ማያያዣው አይገባም።

ቀጥታው ላይ ያሉትን መገጣጠሚያዎች አትበይዱ። በሚገናኙት የብረት ጫፎች መካከል የኤቲኤም ካርድ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ሥራው በክረምት ከሆነ ትንሽ አስፉት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት እንጨቱ ሲኮማተር ብረቱ ደግሞ ይለጠጣል፣ ክፍተቱም ይዘጋል። በሚያዝያ የዘረጋ ሰው ይህ አያስጨንቀውም።

ኤሌክትሪኩን ለማያያዣዎች ብቻ አትተዉ። በጊዜ ብዛት ይዝጋሉ። ለእያንዳንዱ ዘንግ ቀይና ጥቁር ሽቦ በየዱና በመደቡ ቀዳዳ ወደ ታች አውርዱ። ቀዩ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይሁን። ከዚያ በቴስተር ፈትሹ፤ ሁለቱ ብረቶች መነካካት የለባቸውም።

ከመለጠፋችሁ በፊት ሀዲዱን በእስፒል ያዙት። ጎንበስ ብላችሁ በአንድ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ፤ ከላይ የማይታይ ጠመዝማዛ ከዚያ ይታያል። መገጣጠሚያውን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር ከያዘው ጎማውንም ይይዘዋልና ሞርዱት። አንድ ፉርጎ በእጅ ወዲያና ወዲህ ግፉ።

ሁሉም ከተስተካከለ ነጭ ኮላ በስሱ ቀቡና ሀዲዱን አስቀምጡ። ያወጣችኋቸውን ስሊፐሮች ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ላጡና ወደ ቦታቸው መልሱ። ክብደት ጫኑበትና እስከ ማግሥቱ ተዉት። ጠጠር መበተኑ ባቡሩ ያለ ችግር ለተወሰኑ ቀናት ከሄደ በኋላ ይድረስ፤ ጠጠር ከተጣበቀ ሀዲድ ማስተካከል በጣም አድካሚ ነው።