የአውሮፓን ጃጓር ኢ-ታይፕ ከአሜሪካው እንዴት መለየት ይቻላል? ከሻንሲ ቁጥር እስከ ካርቡሬተር

«ሦስት ኤስዩ ካለው የአውሮፓ ነው፣ ሁለት ስትሮምበርግ ካለው የአሜሪካ ነው።» ስለ ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ ስለ እንግሊዙ የስፖርት መኪና፣ የጠየቀ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። ኤስዩና ስትሮምበርግ የካርቡሬተር፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ስሞች ናቸው። ግማሹ እውነት ነው። ብዙ ሰው ግን በዚህች ግማሽ እውነት ተማምኖ ብሩን ይቆጥራል፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ከ1961 እስከ 1974 ከ72 ሺህ በላይ ኢ-ታይፖች ተመርተዋል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ የተላኩት ወደ አሜሪካ ነው። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ እየተገዙ ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ሲመለሱ መብራታቸው ተቀየረ፣ ካርቡሬተራቸው ተቀየረ፣ የአንዳንዶቹም መሪ ወደ ቀኝ ዞረ። ስለዚህ ካርቡሬተር የመጨረሻው ምስክር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይኸውና።

1. መጀመሪያ ትውልዱን እወቁ

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት መኪናውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። የመጀመሪያው ትውልድ ጠባብ አፍ አለው። የፊት መብራቱ በመስታወት የተሸፈነ ነው (የመጨረሻዎቹ ግን ክፍት ናቸው)፣ ፓራውልቱ ቀጭን ነው፣ ትንንሾቹ መብራቶች ከፓራውልቱ በላይ ናቸው። ሁለተኛው ትውልድ አፉ ሰፋ ይላል። መስታወቱ የለም፣ ትልልቆቹ ፍሬቻዎች ከፓራውልቱ በታች ወርደዋል። ሦስተኛው ኮፈኑ ሥር ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ስላለው ማንም አይስተውም።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ በ1961 የወጣው 3.8 ሊትሩም ሆነ በጥቅምት 1964 የተካው 4.2 ሊትሩ እስከ 1967 ሞዴል ድረስ፣ ለለንደንም ተላከ ለኒውዮርክ፣ ኤችዲ8 (HD8) የሚባል ሞዴል ሦስት ኤስዩ ነው የነበረው። ከ1971 ጀምሮ የመጣው ባለ 12 ሲሊንደሩ ደግሞ በየትኛውም አገር አራት ስትሮምበርግ ነው ያለው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ካርቡሬተር ቆጥሮ አገር መለየት አይቻልም።

ልዩነቱ የተፈጠረው በመሃል ነው። አሜሪካ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የጭስ ሕግ አወጣች። ጃጓርም ለአሜሪካ ገበያ ሦስቱን ኤስዩ አንስቶ ሁለት ዜኒት-ስትሮምበርግ 175 አስገባ። ለእንግሊዝና ለተቀረው የአውሮፓ ገበያ ኤስዩው ቀጠለ። እንግዲህ የካርቡሬተር ጥያቄ የሚሠራው ከ1968 ሞዴል እስከ ሁለተኛው ትውልድ ማብቂያ ባሉት መኪናዎች ላይ ብቻ ነው። ሻጩ የ1965 መኪና ይዞ «እዩት፣ ሦስት ኤስዩ፣ የአውሮፓ ነው» ካለ፣ ወይ አያውቅም ወይ አላዋቂ ናቸው ብሎ ንቋችኋል።

2. ቁጥሮቹን አንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከፊት ባለው የፍሬም አግዳሚ ላይ፣ ከቀኙ ሾክ አብዞርበር ማሰሪያ በላይ ነው። ቆሻሻና የቀለም ንብርብር ሊሸፍነው ይችላል። በጨርቅና ትንሽ ነጭ ጋዝ አጽዱት፣ ባትሪ ከጎን አብሩበት፣ ፎቶ አንሱት። በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት። የሞተር ቁጥሩ በሞተሩ ብሎክ ቀኝ በኩል፣ ከዘይት ፊልትሮው በላይ ነው። ያው ቁጥር ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ) ፊት ለፊት ላይም ተመትቷል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ቴስታታው ወይም ብሎኩ ከሌላ መኪና የመጣ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ትርጉም። በ3.8ቱ ላይ በ850 እና በ860 የሚጀምሩት ቀኝ መሪ ናቸው፣ 875 እና 885 ግራ መሪ። የ4.2ቱ የመጀመሪያ ትውልድ ቁጥር በ1ኢ (1E) ይጀምራል፣ የሁለተኛው ትውልድ በ1አር (1R)። በሁለተኛው ትውልድ ክፍት ጣሪያው ቀኝ መሪ ከሆነ ከ1001፣ ግራ መሪ ከሆነ ከ7001 ጀምሮ ይቆጠራል። ዝግ ጣሪያው ቀኝ መሪ ከ20001፣ ግራ መሪ ከ25001 ነው። አራት ሰው የሚይዘው ረዘም ያለው ደግሞ ከ35001 እና ከ40001 ይነሳል።

ልብ በሉ፤ ቁጥሩ የሚነግራችሁ መሪው በየት በኩል እንደነበረ እንጂ መኪናው የት አገር እንደተሸጠ አይደለም። ለፓሪስ፣ ለሃምቡርግና ለሎስ አንጀለስ የተሠሩት ሁሉም ግራ መሪ ናቸው፤ ተከታታይ ቁጥራቸውም አንድ ነው። «ቁጥሩ ግራ መሪ ነው፣ ስለዚህ የአሜሪካ ነው» የሚለው ስህተት ነው። «ግራ መሪ ሆኖ ሦስት ኤስዩ ስላለው የጀርመን ነው» የሚለውም ያው ስህተት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ቁጥር ፈቺ ገጾችም ከዚህ አልፈው ሊሄዱ አይችሉም፤ አገሩ ቁጥሩ ውስጥ የለም።

ቁጥሩ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው መሪው ሲዞር ነው። መሪው በቀኝ ሆኖ ሻንሲው ላይ የግራ መሪ ቁጥር ካለ መኪናው በኋላ የተቀየረ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከአሜሪካ የተመለሰ ሆኖ ይገኛል። በቁጥሩ ዙሪያ የሞረድ ወይም የብየዳ ምልክት ካያችሁ ግን ሌላውን ምርመራ እዚያው አቁሙ።

3. ላሜራውንና መብራቱን ፈትሹ

ለዚህ የሚያስፈልገው በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ነው። ውድ የቀለም መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም።

ለአሜሪካ የተሠራው ሁለተኛ ትውልድ ከፊትም ከኋላም በጎኑ ላይ ትንንሽ መብራቶች አሉት። የአውሮፓው የለውም። መኪናው ሲቀየር መብራቶቹ ይነቀላሉ፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ማግኔቱን ከፊት ጎማው ፊት ባለው ላሜራ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ብረት ላይ ይይዛል፣ ስቱኮ ላይ ይለቃል። አንድ ደንበኛ «ንጹህ የአውሮፓ» ተብሎ የተሸጠለትን መኪና ጋራዥ ይዞልን መጣ። ቀለሙ መስታወት ይመስላል። ማግኔቱ ግን በአራቱም ማዕዘን፣ በተመሳሳይ ከፍታ፣ የጎን መብራት በሚያህል ቦታ ላይ አልያዘም። ወደ ውስጥ እጃችንን ስናስገባ በአንደኛው ጎን የተቆረጠ የመብራት ሽቦ አገኘን። ካርቡሬተሮቹ ሦስት ኤስዩ ነበሩ። ደንበኛው የከፈለው ጭማሪ ግን አልተመለሰለትም።

የፊት መብራቱን መስታወት ከቅርብ አንብቡ። የአሜሪካው አምፖልና መስታወቱ አንድ ላይ የታሸገ ነው፤ ሲቃጠል ሙሉው ይቀየራል። የአውሮፓው አምፖሉ ለብቻ ይወጣል። ለፈረንሳይ የተሸጡት ደግሞ ቢጫ አምፖል ነበራቸው። ይህ ሁሉ በቀላሉ የሚቀየር ነገር ስለሆነ ፍንጭ ብቻ አድርጋችሁ ያዙት። በኪሎሜትር የሚለካ የፍጥነት መለኪያም እንደዚያው ነው። በማይል የሚለካው ደግሞ ለእንግሊዝም ለአሜሪካም ስለሆነ ምንም አይለይም።

4. አሁን ኮፈኑን ክፈቱ

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። ካርቡሬተሮቹ በመኪናው ቀኝ በኩል ናቸው።

ኤስዩ ረጅም፣ ደወል የመሰለ የአሉሚኒየም ክዳን አለው። አናቱ ላይ በእጅ የሚፈታ ትንሽ ክዳን አለ፤ ሥሩ ዘይት ይገባል። ስትሮምበርግም ቁመቱ ቢመስልም ላዩ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ነው፣ በአራት ብሎን ይታሰራል። በውስጡ የጎማ ዲያፍራም (ስስ ሽፋን) አለ። ኤስዩ ከላይ ምንም ጎማ የለውም፤ ፒስተኑ በክዳኑ ውስጥ ሳይነካ በጣም ተጠግቶ ነው የሚንሸራተተው። ለዚህ ነው የአንዱን ክዳን ለሌላው መስጠት የማይቻለው። ከፈታችሁ በወረቀት ፕላስተር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

ኤስዩ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የትኛው ኤስዩ? እዚህ ላይ መስታወትና ባትሪ ይዛችሁ ከታች ተመልከቱ። ኤችዲ8 ከሥሩ ወፈር ያለ ቤት አለው፤ የነዳጁ ጄት (ነዳጁ የሚወጣበት ቀዳዳ) በዚያ ውስጥ በዲያፍራም ታሽጓል። ከነዳጅ ቋቱ ወደ ጄቱ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ የሚሄድ ከሆነ ኤችኤስ8 (HS8) ነው፤ ከኢ-ታይፕ ጋር ከፋብሪካ አልመጣም። ቁጥሩም ራሱ መጠኑን ይናገራል፦ 8 ማለት በአንድ ኢንች ላይ ስምንት ስምንተኛ ተጨምሮ ሁለት ኢንች ማለት ነው። 6 ቢሆን አንድ ኢንች ከሦስት ሩብ። የስትሮምበርጉ 175ም 1.75 ኢንች ነው።

ከቻላችሁ አንዱን ክዳን አንስታችሁ ከፒስተኑ ሥር ወደ ጄቱ የሚገባውን መርፌ አውጡ። አንገቱ ላይ ትንንሽ ፊደላት ተመትተዋል። የኢ-ታይፕ መደበኛው መርፌ ዩኤም (UM) ነው። ሌላ ፊደል ካገኛችሁ ካርቡሬተሩ ከሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ማርክ 10 የሚባለው ትልቁ የጃጓር ሴዳንም ሦስት ኤችዲ8 ስለነበረው፣ ለቅየራ የሚሆኑት ካርቡሬተሮችና ማኒፎልድ (ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ቱቦ) ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚነሱት። በነዳጅ ቋቱ ክዳን ብሎን ሥር ቁጥር ያለው ትንሽ የብረት መለያ ካለ ፎቶ አንሱት። ኤስዩ መለያውን ለመኪናው ዓይነት ለይቶ ነው የሚሰጠው።

ከዚያ ማኒፎልዱን እዩ። በአሜሪካው ላይ በስትሮምበርጎቹና በቴስታታው መካከል ሁለተኛ የጋዝ ክላፔ የያዘ ተጨማሪ ቤት አለ። ቅየራ ሲደረግ ይህ ሁሉ ይነሳል፣ የጋዝ ማስተላለፊያ ዘንጎቹም ይለወጣሉ። አዲስ ብሎን፣ ያልተመጣጠነ ዘንግ፣ በማይመለከተው ቦታ የተደፈነ የውሃ ቱቦ ካያችሁ ካርቡሬተሩ ከፋብሪካ አብሮት አልወጣም።

ሳትዘጉት ጤንነቱንም ፈትሹ። ፒስተኑን በጣት ወደ ላይ ግፉት፤ ዘይቱ ስላለ መገተት አለበት። ስትለቁት ሳይንገታገት ወርዶ ብረት በብረት «ጠቅ» ሊል ይገባል። ከተንገታገተ ወይም «ጠቅ» ካላለ፣ መርፌው ጄቱን እየነካ ነው። ስትሮምበርግ ከሆነ ዲያፍራሙን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ዘርጉት። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ እንኳ ፒስተኑ እንዳይነሳ ታደርጋለች።

በነገራችን ላይ ስትሮምበርግ ስለሆነ ብቻ ነቅላችሁ አትጣሉት። ከነሙሉ ዕቃው ያለ የአሜሪካ መኪና ሐቀኛ መኪና ነው። ከተደባለቀ «የአውሮፓ» ይልቅ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

5. ወረቀቱን አስመጡ

አገሩን በእርግጠኝነት የሚናገረው የፋብሪካው መዝገብ ብቻ ነው። በእንግሊዝ የሚገኘው የጃጓር ዳይምለር ሄሪቴጅ ትረስት በክፍያ የምስክር ወረቀት ያወጣል። የመጀመሪያው የሻንሲ፣ የሞተርና የካምቢዮ ቁጥር፣ ቀለሙ፣ የተመረተበት ቀንና የተላከበት ቦታ ይጻፍበታል። ሻጩ ወረቀቱ ካለው ዋናውን እንጂ ፎቶ ኮፒውን አትቀበሉ። ከሌለው ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ያስወጣ። ሲያመለክትም ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን እናንተ ከፍሬሙ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር ይላክ።